ከአብሾው በፊት የነበረው ሰው

ባሌን አስማማውን የማያውቅ የደብረ ማርቆስ ሰው ካለ፣ ከሰው ተካስሶ የማያውቅ ሰው ነው። ከፍርድ ቤቱ አጥር ጎን ላስቲክ ወጥሮ፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ ሲጽፍ ሃያ ሁለት ዓመቱ። ኮምፒውተር የደረደሩ ልጆች ግራ ቀኙን ከበውታል፤ ባላገሩ ግን እነሱን አልፎ እሱ ዘንድ ይሰለፋል። ባለአብሾው ይጻፍልኝ ይላል። አስማማው የጻፈው ማመልከቻ ዳኛ ያስለቅሳል ይባላል። ዳኛ ሲያለቅስ አላየሁም፤ ባሌ የሰው በደል ጽፎ በመጣ ቀን እራት እንቢ ሲል ግን አይቻለሁ፣ ያበሰልሁት እኔ ነኛ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና አብሾን ለማያውቅ ልንገር። አስተናግር የሚሉት ነጭ አበባ ያለው፣ ፍሬው እሾሃም የሆነ አረም አለ። በየአጥሩ ሥር ይበቅላል፤ ከብት እንኳ ዞሮ ያልፈዋል። የቅኔ ተማሪ የዚህን ፍሬ በጥብጦ ከጠጣ አእምሮው ይከፈታል፣ አንዴ የሰማው አይጠፋውም ይባላል። ያበደበት አለ፤ የሞተበትም አለ። የጠጣ ሰው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ጠላና አረቄ አይቀምስም፤ ከቀመሰ አብሾው ይነሣበትና ጨርቁን ይጥላል። ይህን በኛ አገር ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እውነት ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አስማማው የይጁቤ ገበሬ ልጅ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ ደብረ ወርቅ አጠገብ ካለ ቅኔ ቤት ገባ፤ መምህሩ የኔታ ገዳሙ ነበሩ። ሌላው ልጅ በሦስት በአራት ወሩ ጉባኤ ቃናን፣ ያችን የመጀመሪያዋን አጭር ቅኔ፣ ሲቆጥር አስማማው አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት እንኳ አልሞላለትም። የእርፍ ዘር ነህ፣ ያባትህን ሞፈር ተሸከም እያሉ ጓደኞቹ ተጫወቱበት። እሱም አመነ። አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል የኔታ ጠሩት። ለብቻው ጎጆ አስገብተው ሰባት ቀን ሱባኤ አስያዙት፤ ጠዋት ጠዋት በቅል መራራ ነገር አጠጡት፤ ይህ አብሾ ነው አሉት። በስምንተኛው ቀን ወጥቶ ጉባኤ ቃናውን ለመምህሩ ሰጠ። ባመቱ በዚያ ቅኔ ቤት የሚስተካከለው ጠፋ። ኋላ ጉባኤውን ትቶ ከተማ ቢገባም ያ ስም ተከትሎት መጣ።

ሰርጋችን ዕለት ሙሽራው ብርዝ ጠጣ። አጎቴ ጠጅ ካልጠጣህ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ቢይዘው አስማማው አምልጦ ጓሮ ገባ፤ እኔም እንደ ሙሽራ አንገቴን ደፍቼ በሆዴ ረገምሁት። ከዚያ ወዲህ በጠራራ ፀሐይ አይሄድም፣ ጠላ ባለበት ቤት አይቀመጥም፣ አብሾው እንዳይቀሰቀስ ብሎ ከማንም አይጣላም። እኔ ደግሞ ጭቅጭቅ የምወድ ሴት ነኝ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ለብቻዬ ተጨቃጨቅሁ ማለት ነው። ሰው ጽሑፉን ሲያመሰግንለት የእኔ አይደለም፣ የፍሬው ነው ይል ነበር። እኔም እንዴት ያለ ትሑት ባል ሰጠኝ እያልሁ ኖርሁ፤ ትሕትና አለመሆኑ የገባኝ አምና ነው።

ነፍሷን ይማረውና እናቴ የቄስ ሚስት ነበረችና ለሁሉም ነገር መልስ ነበራት። ዘር ከልጓም ይስባል፣ የእርፍ ልጅ በአብሾ ካልሆነ በምን ይገባዋል፣ ትል ነበር። ኋላ ሳስበው የኛ ሰው ፍርድ ያስቀኛል። ልጅ ሲባልግ አሳዳጊ የበደለው እንላለን፤ ልጅ ሲደነቁር ግን ዘር ቆጠራ እንሄዳለን። ባለጌ ከሆነ ጥፋቱ የእናት፣ ደንቆሮ ከሆነ ጥፋቱ የአጥንት ነው። ሊቅ ሲሆን ደግሞ ሁላችንም እኔ ነኝ ያሳደግሁት ብለን እጃችንን እናነሣለን፤ አክስቱም ጎረቤቱም መምህሩም።

የወለድነው አንድ ልጅ ነው፤ መሲ ትባላለች። መሲ አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ካላነበበች አይገባትም። ሒሳብ ፊት ስትቀመጥ እርሳሱን ትነክሳለች፣ ላብ ላብ ይላታል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይላታል ሰፈሩ፤ የባለአብሾው ልጅ ናታ። እኔም አልዋሽም፣ የተናደድሁ ቀን ብያታለሁ።

አምና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ፣ ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው፣ የክፍሏ ኃላፊ መምህር ወላጅ ጠሩ። ሁለታችንም ሄድን። መምህሩ ልጅቷ ትጥራለች፣ ግን አልሆነላትም፣ ቤት ውስጥ ምን ችግር አለ ብለው ጠየቁ። አስማማው እንደ ልማዱ አንገቱን ደፋና መለሰላቸው።

«አይፍረዱባት መምህር» አለ። «እኔም አብሾ ሳልጠጣ በፊት እንደሷ ነበርሁ። ልጄ የወረሰችው ያን የፊቱን ጭንቅላቴን ነው። የኋለኛው የእኔ ስላልሆነ አላወረስኋትም።»

ለልጁ መከራከሩ ነበር። መሲ ግን በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። ስንወጣ አየኋት፤ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርሳሱን መንከስ ተወች፤ እኔ ሞኟ ልጄ ተረጋጋች ብዬ ደስ አለኝ።

እኔ የምተዳደረው በጥልፍ ነው። የምቀመጠው የፋኢዛ ጨርቅ መደብር በራፍ ላይ ነው፤ ፋኢዛ ጎረቤቴም ደንበኛዬም ናት። ፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው መርፌ ጠፋብኝና መሲ ወስዳው ይሆናል ብዬ ቦርሳዋን ፈተሽሁ። ከደብተሮቿ ሥር በወረቀት የተቋጠረ ነገር አገኘሁ። ስፈታው ጥቁር ፍሬ ነው። እሾሃሙ ቅርፊቱ ጭምር ስለነበረበት አስተናግር መሆኑን ማንም አይስተውም።

ትምህርት ቤት ድረስ ሄጄ በዕረፍት ሰዓት ከአጥሩ ጥግ ያዝኋት። ልጮህባት ነበር የሄድሁት፤ እሷ ግን እንደ ትልቅ ሰው ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ተማሪዎቹ ለፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው የሚገቡት፤ እዚያው አድረው ይፈተናሉ፣ እናት በር ላይ ትቀራለች። የመጀመሪያው ቀን ዋዜማ ልትውጠው ነበር።

«እማዬ፣ አባዬም እኮ ደንቆሮ ነበር» አለችኝ። «እሱን ያዳነው እኔን ለምን ይገድለኛል?»

ፍሬውን ቀማኋት። ቀማኋት ልበል እንጂ አረሙ በየአጥሩ ሥር ነው፤ የደብረ ማርቆስን አጥር ሁሉ ነቅዬ አልጨርሰውም። ፋኢዛ ስነግራት እጇን ከጨርቁ ላይ አንሥታ ደረቷን ያዘች። እኛ ቁርዓን ቤት ልጅ አልያዝለት ሲል መቶ ጊዜ ይደገምለታል፣ መቶ አንድም ከሆነ ይሆናል፣ ይህን መርዝ ማን ፈቀደላችሁ ብላ ተቆጣችኝ። እኔ የፈቀድሁ ይመስል። ግን ቁጣዋ ደስ አለኝ፤ ከኔ ሌላ የደነገጠ ሰው አገኘሁ።

ለአስማማው ወዲያው ያልነገርሁት ለምን እንደሆነ ልናዘዝ። ማታ እንደ ዋዛ፣ አንዳንድ ልጆች ለፈተና ብለው አብሾ ይውጣሉ አሉ፣ ብዬ ነገር ጣልሁለት። እሰይም አላለም፤ ያበዱ ናቸውም አላለም። ዝም ብሎ እጁን አየ። ያ ዝምታው ከፍሬው ይልቅ አስፈራኝ። በራሱ ላይ ሲሠራ ያየውን ነገር እንዴት ክፉ ነው ይበል? ለልጁስ ቢያስብላት?

ስለዚህ የኔታ ዘንድ ልሂድ አልሁ። ባሌ ከእግዜር ቀጥሎ የሚሰማው እሳቸውን ነው። አብሾ ማጠጣትም መጠጣትም በኛ ቤት ውጉዝ ነው ብለው እንዲገዝቱልኝ ፈለግሁ፤ የኔታ ከገዘቱ አባትም ልጅም አይነኩትም። ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ተከፍቷል ሲባል በማግስቱ ተነሣሁ። ለባሌ የጥልፍ ክር ልገዛ ነው አልሁት። መኪና ቀይሬ ደብረ ወርቅ ደረስሁ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ነው፣ ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስቀረው።

የኔታ ገዳሙ ዓይናቸው ጠፍቷል። ፀሐይ ላይ ቁርበት ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ተማሪዎቻቸው ዙሪያውን በየዛፉ ሥር ያጉረመርማሉ። ጉልበታቸውን ስሜ የማን ሚስት እንደሆንሁ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ነገሩን ከነገርኋቸው በኋላ ግን ብርሃኑ ሄደ። አጠገባቸው ያለውን ተማሪ ውሃ ቅዳ ብለው ላኩት፤ እስኪርቅም ጠበቁ።

«ልጄ፣ አስማማው አብሾ አልጠጣም» አሉኝ። «ያጠጣሁት ተልባ ነው። ተልባ በግራዋ ቅጠል።»

መጀመሪያ እርጅና ነው አልሁ በሆዴ። የኔታ ቃል ግን አልተወላገደም። በወጣትነታቸው ታዲዮስ የሚባል ጓደኛ ነበራቸው፤ አብረን እንጠጣ ተባባሉ። ታዲዮስ ቀድሞ ጠጣ። በሁለተኛው ቀን እናቱን ያየ መስሎት ገደል ገባ። የኔታ የራሳቸውን ድርሻ ደፉና፣ መምህር በሆኑ ጊዜ ተማሪ ሁሉ አብሾ አብሾ እያለ ቢያስቸግራቸው ተልባ መስጠት ጀመሩ። እኔ ካልሰጠሁት ከአጥሩ ሥር ራሱ ይለቅማል ብዬ ነው አሉኝ። ይህን ሲሉ መሲ ፊቴ መጣች፤ ልፈርድባቸው አልተቻለኝም።

ታዲያ በተልባ እንዴት ገባው ብዬ ጠየቅሁ። አራት ዓመት ያልገባ ቅኔ በሰባት ቀን?

«እኔስ እንጃ» አሉ። «ለአሥራ አንድ ልጅ ሰጥቻለሁ። ያው ተልባ፣ ያው ጎጆ፣ ያው ሰባት ቀን። አራቱ ገባቸው፣ ሰባቱ አልገባቸውም። ተፈጥሮ ነው እንዳልል አስማማው ከአራቱ መጨረሻ የምጠብቀው ነበር። ትምህርት ነው እንዳልል ሁሉንም እኩል አስተምሬአለሁ። አንድ የማውቀው፣ በነዚያ ሰባት ቀኖች አይገባህም የሚለው ሰው አልነበረም። ለአራቱ ይህ በቃቸው። ለሰባቱ አልበቃም።»

ግዝቱንስ አልኋቸው። አልሰጥም አሉኝ። ሠላሳ ዓመት በዋሸሁት ነገር ላይ ደግሞ የእግዚአብሔርን ስም አልጭንበትም፣ አጥፍቻለሁ፣ እውነቱን ይዘሽለት ሂጂ አሉ። ከዚያ እኔ የጠየቅሁትን ሳይሆን ሌላ ነገር ጠየቁኝ፤ ጠላ አይጠጣም ወይ አሉ። አይጠጣም አልኋቸው። የኔታ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያዙ።

ወደ ቤት ስመለስ መኪና ውስጥ ሳስብ የመጣሁት ስለ ባሌ ነው። ባለአብሾው የሚለው ስሙ እንጀራው ነው፤ ባላገሩ የሚሰለፈው ለዚያ ስም ነው። ሰውየው ራሱ የቆመው በዚያ ፍሬ ላይ ነው። ብነግረው ይወድቅ ይሆን? ባልነግረውስ? ተልባ ቆልቼ አብሾ ነው ብዬ ለመሲ ልስጣት የሚል ሐሳብም መጥቶብኛል፣ አልዋሽም። እሷ ግን ከአራቱ ትሁን ከሰባቱ ማን ያውቃል? ከሰባቱ ብትሆን፣ አብሾ እንኳ ያልፈታው ጭንቅላት አለኝ ብላ ዕድሜዋን ትኖራለች።

የነገርሁት በማግስቱ ምሳ ላይ ነው። የመሲንም ቋጠሮ አሳየሁት። እጁን ታጠበ። ተልባ ነው ያሉሽ አለኝ። አዎን አልሁ። ደግሞ ጠየቀኝ። ሦስተኛ ሲጠይቀኝ ተቆጣሁ። ተነሥቶ ወጣና ዝናብ ላይ ቆመ፤ ጋቢ ብወስድለት አልተቀበለኝም። ሁለት ቀን ሥራ አልሄደም። ባለጉዳዮች ቤት ድረስ መጥተው ታሟል ብዬ መለስኋቸው። ይደሰታል ብዬ ነበር እኮ! ጭንቅላትህ የራስህ ነው የተባለ ሰው እንዴት ያዝናል? የሚያዝንበትን የነገረኝ በሁለተኛው ቀን ነው።

«ያን አራት ዓመት ያልገባውን ልጅ ሞቷል ብዬ ሠላሳ ዓመት ስሸሸው ኖርሁ» አለኝ። «ሲጠሩኝም የእርፍ ዘር የሚለውን የሱን ስም እንዳያነሡብኝ እፈራ ነበር። ለካ ቅኔውን የቆጠረው እሱው ነው።»

ከዚያ በጋብቻ ዘመናችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ፤ በየኔታ፣ በጓደኞቹ፣ በእናቴ ሙት መንፈስ ሳይቀር። እኔ ተቀምጬ ሰማሁት። ሲጨርስ ግን ድምፁ ዝቅ አለና ለመሲ ምንድን ነው ያልኋት አለ፤ መምህሩ ፊት ምን ነበር ያልኋት። እያወቀ ነው የጠየቀኝ። እኔም ቃል በቃል ነገርሁት፤ ማድበስበስ አልፈለግሁም።

መሲ ለፈተና ልትገባ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ከሰዓት በኋላ፣ አልጋዋ ላይ ልብሷን እያጣጠፈች አባቷ ገባ። በርጩማ ስቦ ከፊቷ ተቀመጠ። እኔ በሩ ላይ ቆምሁ፤ ሂጂ ቢሉኝም አልሄድም ነበር። ተልባውን፣ ግራዋውን፣ ታዲዮስን፣ አሥራ አንዱን ልጆች አንድም ሳያስቀር ነገራት። እሷ ልብሱን ይዛ ሰማችው፤ ከዚያም እኔ የኔታን የጠየቅሁትን ጠየቀችው።

«ታዲያ አራት ዓመት ለምን አልገባህም?»

«አላውቅም ልጄ። አይገባህም ያሉኝን አመንኋቸው። ገባህ ሲሉኝ ደግሞ የኔታን አመንሁ። እኔን ግን አይገባህም ያሉኝ ባዳዎች ናቸው። አንቺን ያልሁሽ አባትሽ ነኝ።»

ይህን ብሎ ከበርጩማው ተነሣ፣ ጎንበስ አለና ይቅር በይኝ አላት። አባት ለልጁ ሲጎነብስ በዕድሜዬ አላየሁም፤ እኔም ዓይኔን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። መሲ ትራሷን ገለበጠች። አንድ የካልሲ ቋጠሮ አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠች።

እኔ የቀማኋት አንዱን ነበር። ሁለተኛው መኖሩን አላወቅሁም። ደብረ ወርቅ ሄጄ፣ ጭቃ ዋኝቼ፣ ሦስት ቀን አልቅሼ፣ ልጄ ግን አሁንም ይዛው ልትሄድ ነበር። የበሩን መቃን ያዝሁ። አስማማው ካልሲውን ጨበጠው።

«ልወድቅ እችላለሁ እኮ አባዬ» አለችው። «ሳልውጠው ብሄድ ልወድቅ እችላለሁ።»

«ትችያለሽ» አላት። ልዋሽ አላለም። «ከወደቅሽ ወድቀሽ ነይ። ብቻ ነይ።»

መሲ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። በማግስቱ ጠዋት ቦርሳዋን ተሸክሞ እስከ መኪናው ሸኛት፤ መኪናው እስኪርቅም ሁለታችንም እዚያው ቆመን ቀረን።